የጨው ውሃው ቱቦ

ማክሰኞ፣ ጥር 4
ጠዋት ላብራቶሪ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለእህቴ ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን በማይክሮስኮፕ ስላይድ አነብላታለሁ። ጥናቷ የባክቴሪያ መርዝ ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌቶች ምን እንደሚያደርጋቸው ነው። መርዝ የገባበት ደም... ፕሌትሌቶቹ ተጣብቀዋል። ይሁን። ግን የጨው ውሃ ብቻ የገባበት የማነጻጸሪያው ቱቦም ተጣብቋል። ታዲያ መርዙ ምን ሠራ ሊባል ነው?
ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ደሙ ፍሪጅ ውስጥ አድሯል። ፕሌትሌት ብርድ ከነካው ያለ መርዝም ተቆጥቶ ይጣበቃል። በአዲስ ደም እደግመዋለሁ አለች። ሳትደብቅ መናገሯን ወደድኩላት።

ሐሙስ፣ ጥር 6
ጉንፋን። አልሄድኩም።

ማክሰኞ፣ ጥር 25
ዛሬ ገና ተሻለኝ፤ ሄድኩ። ጽሑፏን ለመጽሔት ልካ ቅጂውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኛለች። "በማነጻጸሪያው ቱቦ ፕሌትሌቶቹ ተለያይተው ታይተዋል።" ማን አየ? ቀኑ ጥር 4... ያየሁት እኔ ነኝ። ከሥር የእኔ ስም፤ ስላይዱን ያነበቡ ተብሎ። አልደገመችውም። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት።

ሐሙስ፣ ጥር 27
ቢሮዋ ገባሁ። ወንበር ሳበችልኝ፤ አልተቀመጥኩም። ጊዜ አጥሯት ነው፤ መርዙ እንደሚያጣብቅ ሌሎችም አይተውታል፤ ምን ለውጥ ያመጣል... ብዙ አወራች። የእኔ ስም ለምን ገባ አልኳት።
"የእርስዎ ስም ካለበት ማንም አይጠረጥርም ብዬ ነው፣ አክስቴ።"
እንደ ምስጋና ነው የተናገረችው። አርባ ዓመት ያላየሁትን አየሁ ብዬ ጽፌ አላውቅም። ለካ ለዚህ ኖሯል?
ቤት ገብቼ ለመጽሔቱ ጻፍኩ። ስሜ ይውጣ፤ ቱቦው ተጣብቆ ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 28
እህቴ ደወለች። "አንቺ እኮ ስትሞቺም ሬሳ ሣጥኑን በሚሊሜትር ካልለካሁ ትያለሽ" አለችኝ። ሳልስቅ አልቀረሁም። ቀጥላ፣ "ለአንዲት ቱቦ ብለሽ ያሳደግሻትን ልጄን?" ይሄኛው አመመኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 9
ቤቴ ድረስ መጣች። ጽሑፉን ከመጽሔቱ አውጥታዋለች። በአዲስ ደም ደግማ ስላይዶቹን ይዛለች። በአሮጌው ማይክሮስኮፔ አየሁ። የጨው ውሃው ንጹሕ፤ መርዝ ያለበት የተጣበቀ። ውጤቱ እውነት ነበር... መዋሸቱ ለምን አስፈለገ?
"ስምዎን ልመልሰው?" አለች፣ ዓይኔን ሳታይ።
ደሙን ማን ቀዳ? በስንት ሰዓት? የት ተቀመጠ? አልኳት። አንድ በአንድ መለሰች፤ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ባዕድ ሰው ነው እንዲህ የምጠይቀው። እሷን ጠይቄያት አላውቅም ነበር።