የአሮጌው በር ሚስማር

ይድረስ ለምወድህ ወንድምዓለም፣

የናፍቆቴን ነገር ወረቀት አይችለውም። ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን።

ባለፈው አባባ የጎረቤት አሮጌ በር ሲነቅል የዛገ ሚስማር እግሩን ወጋው። «ጤና ጣቢያ ሂድና የቴታነስ መርፌ ተወጋ» ስለው፣ «አናጢ ሚስማር ከፈራ ምን ሊበላ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኛን ለክትባት በጆሯችን እየጎተተ ይወስደን የነበረ ሰው!

ቁስሉስ ድኗል። ዛሬ ግን ዳቦ ማኘክ አቃተው፤ ሾርባ በማንኪያ ሰጠሁት። «መንጋጋዬን ብርድ መቶኝ ነው» ይላል። ቀልድም የለ።

ይህን የምጽፍልህ ታክሲ እስኪመጣ ነው፤ ጤና ጣቢያ ልወስደው ነው። በፖስታ እንዳይዘገይ ለአውቶብሱ ሾፌር እሰጠዋለሁ። መልስ አትጻፍልኝ፤ ራስህ ና።

አባባ «ልጄን እግዜር ይባርክልኝ በይው» ብሎሃል፣ ጥርሱን እንደገጠመ።

እህትህ