የታጠፈች ታርጋ

ኅዳር 3
እንደ ወትሮው። ጠዋት አራት ጤና ጣቢያ ዞሬ የደም ናሙና ሰበሰብኩ፤ የበረዶ ሳጥኑን ሞተሯ ላይ አስሬ ወደ ዋናው ላብራቶሪ። አደባባዩ ላይ ትራፊኩ አስቆመኝ። አዲስ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ሸንበቆ የመሰለ ወጣት።
"አባት፣ ታርጋዎ ታጥፏል።"
ባለፈው ሳምንት ሞተሯ ስትወድቅ የታርጋዋ ጥግ ታጥፎ ነበር... ልብ አላልኩትም። "አስተካክላለሁ" አልኩት። "መልካም ቀን" ብሎ ለቀቀኝ።
ቤት ገብቼ ሳስበው፣ ዛሬ ከሰው ጋር ያወራሁት ያንኑ ብቻ ነው። ላብራቶሪ ያለችው ልጅ ሳጥኑን ትቀበላለች፣ ትፈርማለች፣ ቀና ብላ አታይም። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ልጄ ሌላ ከተማ ነው፤ ሥራ ይበዛበታል። አልወቅሰውም።

ኅዳር 5
ታርጋዋን ፈትቼ በመዶሻ አቀናኋት። ቀናች... ግን ቀለሟ ተላጠ። 8 የነበረው 3 መሰለ። ብቻዬን ሳቅኩ። ባለቤቴ ብትኖር "አንተ የነካኸው ነገር መቼ ተርፎ ያውቃል" ትለኝ ነበር።

ኅዳር 6
ሁለት ጊዜ አስቆሙኝ። አንዱ "3 ነው 8?" አለኝ። ሌላው ሊብሬዬን ገልብጦ ገልብጦ አየና መለሰልኝ።

ኅዳር 9
አዲስ ታርጋ ልጠይቅ መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ "ታርጋ አልቋል፤ እስኪመጣ በዚህ ተንቀሳቀስ" ብሎ ቁራጭ ወረቀት ጻፈልኝ።
"ማኅተሙስ?"
"ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።"
ስብሰባ ላይ ያልሆነ ኃላፊ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ኅዳር 14

ሸንበቆው ትራፊክ ዛሬ ከአለቃው ጋር ነበር። ወረቀቱን አሳየሁ። አለቃው አገላብጦ አየና "ማኅተም የለውም። ሞተሩ ጣቢያ ይግባ" አለ።
"ሥራ ላይ ነኝ" አልኩ።
"ሁሉም ሰው ሥራ ላይ ነው።"
 ሞተሯን እየገፋሁ ጣቢያ ገባሁ። አግዳሚ ወንበር አሳዩኝ፤ ጠብቅ አሉኝ፤ ጠበቅኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ። ሞተሯ ግቢው መሀል፣ ሳጥኑ እላይዋ ላይ፣ ፀሐይ እየመታው። ላውርደው ብል ማን ይከለክለኝ ነበር?
በመጨረሻ ሞተሯን አስቀርተው ሰደዱኝ። ሳጥኑን ታቅፌ በታክሲ ሄድኩ። የላብራቶሪዋ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።
"በረዶው ሟሟል። ደሙ ተበላሽቷል፤ አንዱም አይሆንም።"
የአሥራ አንድ ሰው ደም።
"ሳጥኑ ውስጥ የሰው ደም አለ" ማለት ምን ያቅታል?  ሰው ካላወራ አፉም ይዘጋል እንዴ?

ኅዳር 15
ነርሶቹ አሥሩን በስልክ አገኟቸው፤ እንደገና ይቀዳሉ። የአንድ እናት ስልክ ግን አይነሳም። ልብስ ሰፊ የነበሩ ናቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። "እኔ እሄዳለሁ" አልኩ።
በሩን ከፍተው የሆነውን ሁሉ ሰሙኝ። ከዚያ የቀኝ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸው ጠቁሯል።
"አራት ጊዜ ነው የወጉኝ። ደም ሥሬ አይገኝም።"
"ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"
"ታርጋ ታጥፎ ነው ያልከኝ?"
"አዎ።"
"ደም መሆኑን ነገርካቸው?"
"አልነገርኳቸውም።"
"ለምን?"
የጠቆረ ክንዳቸውን አየሁ። እሳቸው ግን አልለቀቁኝም። "ማን አለህ?" አሉኝ።
"ልጅ አለኝ።"
"ቤትህ ማለቴ ነው።"
"ማንም።"
እንዳላዘነ ሰው ዘወር ብለው ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። "በል እንሂድ፤ ግራ እጄ ገና አልተነካም።"
ክንዴን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። በየሃምሳ እርምጃው ቆመው ይተነፍሳሉ። ነርሷ "ልጃቸው ነዎት?" አለችኝ። አፌን ሳልከፍት "ጎረቤቴ ነው" አሉ። የምንኖረው የከተማው ዳርና ዳር ነው።

ኅዳር 17
የእማማ ውጤት መጣ። ኩላሊት። ዛሬውኑ ሆስፒታል አስተኟቸው። ሐኪሙ "ቀደም ብለን ብናውቅ ኖሮ..." ብሎ ተወው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እተወው ነበር።
"ብታውቁ ኖሮ ምን?"
"እንደዚህ አይከብዳቸውም ነበር" አለ።

ኅዳር 18
ሸንበቆውን ፍለጋ በእግሬ አደባባዩ ድረስ ሄድኩ። ልጮህበት ነበር። ሳየው ድምፄ ወረደ።
"የዚያን ቀን ሳጥኑ ውስጥ የአሥራ አንድ ሰው ደም ነበር።"
ፊቱ ተለወጠ። "ለምን አልነገሩኝም? አጅቤ አደርስዎት ነበር።"
"አልጠየቅከኝም።"
"እርስዎም አልተናገሩም።"
ሁለታችንም ቆመን ቀረን፤ መኪናው በግራም በቀኝም ያልፈናል። ከዚያ የማን ደም እንደነበር ጠየቀኝ። ስለ እማማ ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ።

ኅዳር 21
ሸንበቆው ወረቀቴን ይዞ ራሱ ሄዶ ማኅተም አስመታበት። ሞተሯ ተለቀቀች።

ኅዳር 27
አዲሱ ታርጋ መጣ። አሰርኩት። አደባባዩ ጋ ስደርስ ሸንበቆው እጁን አነሳ፤ ፍሬን ያዝኩ። ለካ ሰላምታ ነው... ከኋላዬ ጥሩምባ ተነፋብኝ።

ታኅሣሥ 2
ከሥራ በኋላ እማማን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ደክመዋል። መናገር ስለከበዳቸው "ዛሬ አንተ አውራ" አሉኝ።
"ምን ላውራ?"
"ያለህን።"
ስለ መንገዱ፣ ስለ ብርዱ ጀመርኩ። ከዚያ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ስለ ባለቤቴ ሆነ። ውሃ ላመጣላት ወጥቼ ነው ያረፈችው። ስመለስ ብርጭቆውን የት እንደማስቀምጥ ጠፍቶኝ ቆሜ ነበር... ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ልጄ እንኳ ስታርፍ አብሬያት የነበርኩ ነው የሚመስለው።
እማማ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የተኙ መስሎኝ ዝም ስል ጣታቸውን አነቃነቁ። ቀጥል ማለታቸው ነው። ቀጠልኩ።
ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለልጄ ደወልኩ።
"ምነው አባዬ? ምን ሆንክ?"
"ምንም አልሆንኩ። ስለ እናትህ የምነግርህ አለኝ። ጊዜ አለህ?"
 ከኋላው የሰው ድምፅ፣ የወንበር ድምፅ ይሰማል።
"ቆይ፣ በሩን ልዝጋ" አለኝ።