ጎርፍ የሚጠብቀው ገንዳ

ሐምሌ 14፣ ሰኞ፣ ማታ

ዛሬም ገንዳውን አየሁት። ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ፋብሪካችን የሚሠራቸው አውቶቡሶች ሲቀቡ የሚታጠበው ቀለም፣ የዝገት ማስለቀቂያው ኬሚካል፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚጠራቀመው። ማጣሪያው ከተበላሸ ሰንብቷል። መለዋወጫው መንገድ ላይ ነው ይባላል። የምን መንገድ እንደሆነ እንጃ።

ሥ/አስኪያጁ አዲስ አበባ ናቸው፤ ስለ ጭስ አልባ መኪና ስብሰባ አለ። እስኪመለሱ ተጠባባቂዋ እኔ ነኝ። ሁሉም እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል። ከሰዓት ሥ/አስኪያጁ ደወሉ። ጎርፉ የሚነሳበት ደንገጎ ተራራ ላይ ደመናው ሲጠቁር ቫልቩን አስከፍቺ፣ ከፋብ. ጀርባ ወዳለው ደረቅ ወንዝ ይፍሰስ፣ ጎርፉ ጠርጎ ይወስደዋል አሉኝ። መስኮት ዝጊ የሚሉ ያህል ቀለል አድርገው። እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ? ደብተሬ፣ አንቺ እንኳ አትታዘቢኝ።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

የቀለም ክፍሉን ኃላፊ አብዲን አማከርኩት። ሳቀብኝ። አባዮ ነው የሚለኝ፣ እህቴ ሲል።

"አቦ አትጨናነቂ አባዮ! ጎርፍ ስንቱን ወስዷል፣ ይሄን ያቅተዋል እንዴ?"

አልፈርድበትም። ድሬ ያደገ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያስበው። እኛም ሰፈር ጥራጊው ተጠራቅሞ የሚጠብቀው ጎርፍን ነበር። ግን የአብዲ ዘመዶች ከከተማው በታች ነው የሚኖሩት፤ አሸዋ ቆፍረው ውሃ የሚቀዱት ከዚሁ ወንዝ ነው። ይህን ስለው፣ ጎርፉ እነሱን አልፎ ይሄዳል አለ። ወዴት? ስለው ወደ ቀለም ክፍሉ ተመለሰ።

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ጎርፍ ይመስለኛል።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ፣ 11 ሰዓት

8 ሰዓት ላይ ደንገጎ ጠቆረ። እኛ ዘንድ አናት የሚበሳ ፀሐይ። ወዲያው ሥ/አ ደወሉ፣ ማን እንደነገራቸው እንጃ፦ ክፈቱ። አብዲ ቫልቩ ዘንድ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያያል። ጎርፉን በዓይኔ ሳላይ አይከፈትም አልኩ። ጀግንነት እንዳይመስልሽ። ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ቆምን። ጠበቅን። ጎርፉ ቀረ። ወደ ላይ ያለው አሸዋ መንገድ ላይ ጠጥቶት፣ አንዲት ቀጭን ውሃ ብቻ ከፋብሪካው ግንብ ፊት ለፊት ደርሳ ጠፋች። ከፍተነው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ቀለም እዚያው አሸዋ ውስጥ ይሰርግ ነበር! አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። አብዲ አሸዋውን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየ። ወላሂ አለና ከቫልቩ ራቀ።

ሥ/አ ጮኹብኝ። ሌላ ደመና ጠብቂ አሉ።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ገንዳው አፉ ድረስ ሞላ። ጠዋት የቀለም ሥራውን አስቆምኩ። ማጣሪያው እስኪጠገን፣ ወይም ቆሻሻውን የሚያነሳ ቦቴ እስኪገኝ፣ አንድም አውቶቡስ አይቀባም። የአውቶቡሶቹ ርክክብ ይዘገያል። ሠራተኞቹ በየጥላው ተቀምጠው በጎን ያዩኛል። መባረሯ ነው እያሉ ይሆናል። እኔም የማስበው እሱኑ ነው።

ለሥ/አ ደውዬ ነገርኳቸው። እሁድ እመጣለሁ ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

ስወጣ የቫልቩን እጀታ አስፈታሁና በቦርሳዬ ይዤው ሳቢያን ሰፈር፣ ቤቴ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ የሚከተለኝ ሰው ያለ እየመሰለኝ ስዞር ነበር። ሌባም እንዲህ የሚፈራ አይመስለኝም።

ሐምሌ 20፣ እሁድ፣ ከሰዓት

የእውነት ጎርፍ መጣ። ሥ/አ ፋብ. ሆነው ደወሉ፤ ከድምፃቸው ኋላ ጎርፉ ሲያገሳ ይሰማል። ዛሬ ካልተከፈተ መቼ ሊከፈት ነው አሉ። አሁን ቢከፈት ማንም አያውቅም ይላሉ፤ እሱስ እውነታቸውን ነው። ስልኩ ሲዘጋ እጀታውን አንስቼ እስከ በሩ ሄጄ ነበር። ይህን ካንቺ በቀር ለማንም አልናገርም። ሥራዬን እፈልገዋለሁ። ደግሞ ወዲያው፣ ጎርፉ የሆነ ቦታ ላይ መቆሙ አይቀርም እላለሁ። እዚያ ነገ የሚቆፍሩ ሴቶች አሉ። ተመለስኩ። አልጋ ሥር ደበቅኩት።

በር ተንኳኳ። አብዲ ነው፤ እጀታውን አምጣ ብለው ልከውታል።

"አባዮ፣ እኔ ምን ልበላቸው?"

ልጆች አሉት፣ እሱም ይፈራል። ብቻውን አልመልሰውም። አብሬው እሄዳለሁ። እጀታውን ያስፈታሁት እኔ ነኝ፣ እሱ ምንም የለበትም እላቸዋለሁ፣ ፊት ለፊት። ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉ።

ጫማዬን አጥልቄያለሁ። እጀታው እዚሁ ይቀራል።