የአርቪድን ኮድ ስለ መሰረዝ

ውድ ክሌመንት፣

ትናንት በስልክ ስትጠይቀኝ ሳልመልስልህ ዘጋሁብህ። ተቆጥቼ አልነበረም፤ ምን እንደምልህ ግራ ገብቶኝ ነው። አሁንም አልለየልኝም። ስጽፍልህ ይገለጥልኝ እንደሆነ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ባለቤቴ አርቪድ ከሞተ ወዲህ እናንተ ሊነክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የምትሠሩት ሰዎች የምትጻጻፉበትን መድረክ በየማለዳው አነባለሁ። ግማሹ አይገባኝም። እሱ በሕይወት ሳለ ሥራውን ሊያስረዳኝ ሲጀምር እኔ ሳህን ማንሳት እጀምር ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት "ይህን የውሃ ጠቋሚ የሚጠቀም ሰው አለ? ካልተገኘ ኮዱን እሰርዘዋለሁ" ብለህ የጻፍከውን ሳይ ክው አልኩ። ኮዱን የጻፈው አርቪድ ነው። ስሙ ያለበት የቀረው ይህ ኮድ ብቻ ነው። አንድ ተጠቃሚ ከተገኘ እንደማትሰርዙት ስለማውቅ፣ "እኔ አለሁ፤ ምድር ቤቴ ውስጥ ይሠራል" ብዬ ሰማያዊ በሆነ ቆንጆ ፊደል ጻፍኩ።

ከዚያ ደወልክ። "እሜቴ፣ መድረኩ ያጌጠ ደብዳቤ አይቀበልም፤ ከበር መልሶታል። የደረሰው ለእኔ ብቻ ነው" ብለህ ሳቅክብኝ። ያለ ጌጥ ድጋሚ እንድልከው ነገርከኝ። ከመላኬ በፊት ግን የጠቋሚውን ጫፍ ባልዲ ውሃ ውስጥ እንድነክረው ለመንከኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ነከርኩት። ጠቋሚው የተሰካበት የአርቪድ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቅ አለ። ውሃ ሲገባ እንዲጮህ ወጥ ቤት የተሰቀለው ደወል ግን ዝም። እንደገና ነከርኩት። መስመሩ መጣ፤ ደወሉ ዝም።

ልትሰርዘው ያሰብከው ኮድ ያለበት ከርነል የድርሻውን ተናግሯል አልከኝ። ከርነል የኮምፒውተሩ እምብርት እንደሆነ፣ ዕቃ ሲሰካም ሲነቀልም፣ ጠቋሚውን ውሃ ሲነካውም፣ "ይህ ሆኗል" ብሎ ከላይ ላሉት ፕሮግራሞች እንደሚናገር አስረዳኸኝ። ማን ሰማኝ አይልም፤ መልስም አይጠብቅም። ያንን ሰምቶ ደወሉን የሚያስጮኸው አርቪድ ለቤታችን የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ነበር፤ እሱ ደግሞ ቆሟል። መቼ እንደቆመ አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ።

"አምና በረዶው ሲቀልጥ ምድር ቤት ውሃ አልገባም?" አልከኝ።

"ገብቷል።"

"ታዲያ በምን አወቁ?"

"ካልሲዬ ረጥቦ።"

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እኔ መሳቅ አቃተኝ። እጠቀማለሁ ብዬ የጻፍኩት እኮ ከልቤ ነበር። ምኑን ነው የምጠቀመው?

"ፕሮግራሙን አሁኑኑ ላስነሳልዎት እችላለሁ" አልክ። "ያኔ የእውነት ተጠቃሚ ይሆናሉ፤ ኮዱም ይቀራል። ላስነሳው?"

የዘጋሁብህ እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ግራ ያጋባኝ አንተ አለማማረርህ ነው። ጠቋሚውን የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። ከርነሉ ውስጥ የሆነ ነገር በተለወጠ ቁጥር የአርቪድን ኮድ አብረህ የምታስተካክለው አንተ ነህ፤ የምትሞክርበት ዕቃ እንኳ የለህም። ይህን ሁሉ ለአንዲት ሴት ደወል ልትሸከም ነበር፤ ያውም ለማይጮህ ደወል። አርቪድ የሌሎችን አሮጌ ኮድ ሲሰርዝ ያፏጭ እንደነበር ትዝ ይለኛል። የራሱን ሲሰርዝስ? አላውቅም። ጠይቄው አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ከሱቅ በባትሪ የሚሠራ ጠቋሚ ገዝቼ ምድር ቤት አስቀመጥኩ። ስሞክረው ጮኸ፤ ድምፁ ሲያስጠላ። ከዚያ ተቀምጬ ለመድረኩ ያለ ምንም ቀለም ጻፍኩ፦ ተጠቃሚ አይደለሁም፤ ሰርዙት። ደግ አድርጌ ይሁን ክፉ እንዳትጠይቀኝ። ከላክሁት በኋላ ሁለት ጊዜ ልመልሰው ፈልጌ የት እንደሚመለስ አጣሁ።

አንድ ነገር ልለምንህ። በእያንዳንዱ ለውጥ ግርጌ የጻፈው ሰው ስምና የተስማሙት ሰዎች ስም ይሰፍራል አይደል? አርቪድ ይህን ኮድ ሲያስገባ እኔ የምን ኮድ እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። አንተ ስትሰርዘው ግን ስሜን ከግርጌው ጻፍልኝ። መስመሩን እንዳትሳሳትብኝ ራሴ ጽፌልሃለሁ፦

የተስማማች፦ ቨርና ሃልቨርሰን፣ ዱሉት