ማሽኑ ሁለቱንም ያየ ዕለት

ብላንታየር፣ ዝናቡ ጋብ ያለ ሰሞን

ይድረስ አንድ ጊዜ ባሌ ለነበርከው።

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የጆሃንስበርግ ብርድ አጥንት ይሰብራል ሲሉ እሰማለሁ፤ አንተ ደግሞ ደረትህን ብርድ አንዴ ከያዘው ቶሎ አይለቅህም። ሹራብህን የሚያስታውስህ ሰው አግኝተህ ይሆን? እኔ ላይኛው ይመስገን፣ አለሁ። እናትህም ደህና ናቸው። ድምፃቸው የጠፋብህ ስልካቸውን ወንዙ ስለወሰደው ነው፤ የአንተም ቁጥር አብሮ ሄደ። ይህን ደብዳቤ የጆሃንስበርግን አውቶቡስ ለሚነዳው ለአክስትህ ልጅ ሰጥቼዋለሁ። እጁ ላይ ካላደረስክ ሁለተኛ ቤቴ የንሲማ ገንፎ አትቀምስም ብዬዋለሁ፤ ሳቀብኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ያ ማሽን ተሠራ።

የትኛው ማሽን እንደማትለኝ አውቃለሁ። ከተራሮቹ የወረደውን ዝናብ ተቀብሎ የሺሬ ወንዝ መቼ እንደሚሞላ የሚያሰላልን፣ ሁለት ፕሮሰሰር፣ ሁለት የስሌት አንጎል፣ በሆዱ ይዞ አንዱን ብቻ የሚያውቀው፣ ያ የቢሯችን ማሽን ነው። በሁለቱ ቢሠራ ጎህ ሳይቀድ መጨረስ የሚችለውን ስሌት በአንዱ እየተንፏቀቀ ረፋድ ላይ ያስረክበን ነበር።

አንተ ሁለተኛው ፕሮሰሰር ሞቷል፣ ችግሩ ብረቱ ላይ ነው አልክ። እኔ ብረቱ ጤነኛ ነው፣ ማሽኑን የሚያዘው ሲስተም ነው ያላየው አልኩ። ከሊሎንግዌ ደህና ፕሮሰሰር አስመጥተህ ቀየርከው፤ ማሽኑ ተነሥቶ ያው አንድ አለ። ሳቅሁብህ። አንተም አንዲት ሕግ ነበረችህ፤ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ካልሠራ እንደነበረው መልስ። የድሮውን መልሰህ ገጠምክ፤ አዲሱን በጨርቅ ጠቅልለህ መሳቢያህ ውስጥ ከተትከው። በነጋታው እኔ ሲስተሙ ሲነሣ የሚያነባቸውን ትእዛዞች ስበረብር አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ቀስቅስ የሚል መስመር አገኘሁ። ማሽኑን የጫኑት ሰዎች ለሙከራ አስገብተው ረስተውት ይሆናል። እልል ብዬ አጠፋሁት። ማሽኑ ተነሥቶ አሁንም አንድ አለ። ተራህ ሆነና አንተ ሳቅህብኝ፤ በሰው ፊት “እመቤት ሲስተም” አልከኝ። እኔም በአንተው ሕግ መስመሩን ወደ ቦታው መለስኩት።

ከዚያ ወዲያ ስለ ማሽኑ ባነሣን ቁጥር ማሽኑ ይቀርና እናትሽ እንዲህ ብላ፣ ወንድምህ እንዲያ ብሎ ይመጣል። ምሳችንንም ለየብቻ መብላት ጀመርን። አለቃችን አቶ ካሊንዴ፣ እናንተ ሰዎች፣ ባለሙያ የምጠራው ለማሽኑ ነው ለእናንተ? ብሎ ቢሮውን ሁሉ ሲያስቅ እኛ ብቻ አልሳቅንም።

ከዚያ ያ ዝናብ መጣ። ትንበያውን ይዘን ወደ ታች፣ ወንዙ ዳር ወዳሉት መንደሮች ስንደውል ረፍዷል፤ የሚያነሣም አልነበረም። ፋትሳኒ፣ ያ ሳቂታ ወንድምህ፣ እናቱን ማንጎ ዛፍ ላይ አውጥቶ ለጎረቤት ልጆች ታንኳ ላምጣ ብሎ እንደወረደ ቀረ። ከቀብሩ ስንመለስ ያልከኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ “ስንከራከር ወንዙ ቀደመን።” ሻንጣህን ስታነሣ ቆይ ልልህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ኩራት ይሁን ድካም፣ አሁንም አላውቀውም፣ ዋጥኩት። በሩን ዘግተህ ስትወጣ እንኳ ይመለሳል እያልኩ የእራትህን ንሲማ ከድኜ አስቀምጬ ነበር።

ማሽኑ የተሠራው ባለፈው፣ ዝናብ ሊገባ ሲል ነው። ያ አሮጌ ስክሪናችን፣ እስኪነቃ ሻይ ጠጥተን የምንመለስለት፣ ጨርሶ ተቃጠለና ከሒሳብ ክፍል ሌላ ተዋስኩ። ማሽኑን ሳስነሣው አይተነው የማናውቅ ጥቁር ገጽ ብልጭ አለ። ለካስ ዕቃዎቹ የተሰኩበት ቦርድ ራሱ፣ ሲስተሙ ገና ተኝቶ ሳለ፣ ያለውን ዕቃ ይቆጥራል! የእኛ ስክሪን ዐይኑን እስኪገልጥ ያ ገጽ አልፎ ይሄድ ነበር። አንድ ፕሮሰሰር ይላል። ደነገጥኩ። ሲስተሙ ገና ሳይነቃ ሲስተሙን በምን ልክሰሰው? አንተ ልክ ነበርክ ማለት ነው። መሳቢያህን ከፍቼ ጨርቁን ፈታሁና ያስመጣኸውን ገጠምኩት። ቦርዱ ሁለት አለ። ሲስተሙ ተነሣና አንድ አለ። ያቺን መስመር ፈልጌ አጠፋኋት። እንደገና አስነሣሁት። ሁለት።

በሽታው ሁለት ነበር፣ ሰውዬ። አንተ አንዱን ስታድን ሌላው ይሸፍንብሃል፣ እኔ ያኛውን ሳድን የአንተው ይሸፍንብኛል። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አቶ ካሊንዴ ገብቶ፣ ተሠራ እንዴ? ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? አለኝ። ምን ልበለው? እኔና ባሌ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን ሁለቱን አብረን ብንነካ ኖሮ ልበለው?

ያኔ ቢሠራስ ፋትሳኒ ይተርፍ ነበር? አላውቅም። መንገዱ ተቆርጦ ነበር። ሰውም ተነሥ ስላሉት ብቻ ማሳውን ጥሎ አይነሣም። ይህን እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ብዙም አያጽናናኝም።

ዘንድሮ ወንዙ እንደገና ወጣ። ግን ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደረሰ። የመንደሩ ሹም ከበሮ አስመትቶ ሰዉን ከነፍየሉ ወደ ኮረብታው አወጣ፤ ከእናትህ መንደር የጠፋ ሰው የለም። ቤቱ ግን ፈርሷል። በምን ፊቴ እያልኩ መጠለያው ድረስ ሄጄ እናትህን ድንኳን ውስጥ አገኘኋቸው። እንደምን አሉ እማማ ብዬ ገና ጎንበስ ስል ጀርባዬ ላይ ያዘልኳትን ሕፃን አዩ። ከዚያ፣ አውርጂያትና ወዲህ በያት አሉኝ። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ፊቷን ሳይሆን እግሯን ገልብጠው አዩ፤ ያቺን በአጠገቧ ያለችው ጣት ላይ የምትወጣዋን ትንሿን ጣት በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። “አንቺ ልጅ” አሉኝ፣ “ይህን እግር እኔ ሁለት ጊዜ ወልጄዋለሁ።”

ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ዘንድ ናቸው። ፍየሎቻቸው የጎረቤቱን ጎመን ጨርሰው አጣልተውኛል። ሥራ ስሄድ አዝለዋት ገበያ ይዞራሉ፤ የማን ናት? ሲሏቸው፣ የቤታችን ይላሉ። የመጣችው አንተ በሄድክበት ዓመት፣ ማንጎ ሲበስል ነው። ስሟን ግን ከአፋቸው ብትሰማው ይሻላል፤ ያወጡላት እሳቸው ናቸውና። እስኪመጡ ድረስ ስም ሳላወጣላት እንዲሁ ሚሚ ስላት ከረምኩ፤ የሚያወጣላት ሰው ሩቅ ነበር።

እኔ ና አልልህም። አትምጣም አልልህም። እናትህ ግን ከተቀመጡበት ሆነው ይህን ጻፊለት ብለውኛል፤ “አንዱን ወንዙ ወስዶብኛል፤ ሌላውን ጆሃንስበርግ እንዳይወስድብኝ።”

የወጣህበት መንገድ መመለሻውን አያጥፋብህ። ደረትህን ብርድ፣ ልብህን ክፉ ሐሳብ አይንካው። እንጀራህን ያብዛልህ፣ ጤናህን ይስጥህ።

የእናትህ ምራት