ሹሙ ለቅሶ የደረሰ ዕለት

መቱ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፵፮ ዓ.ም.

ለተከበሩ እኅቴ ለእትዬ ዲንቄ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ሕፃኑስ ጠነከረ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እማራለሁ።

አራስ ሆነው ስላልመጡ የእማዬን ለቅሶ ልንገርዎ። ታላቅ ወንድማችን ጋሼ አራርሳ፣ ሹሙ በሰው ፊት ሲያዋርዳቸው የኖረበትን መሥሪያ ቤት ከለቀቁ ዓመት አልፏል። ያ ሰው ለቅሶ ሊደርስ ሲገባ ግን ከፍራሹ ተነሥተው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ቆሙ።

«ኧረ ጋሼ፣ ሐዘንተኛ አይነሣም» ብዬ ብጎትታቸው፣ «ዝም በል፣ ይቆጣል» አሉኝ።

ንፍሮውን በልቶ እስኪሄድ አልተቀመጡም። ሐኪሙ «ምንም የለብዎትም» ይላቸዋል፤ ታዲያ እንቅልፋቸውን ማን ወሰደው? እህልስ ለምን አይቀምሱም? ሰለቸኝ፣ እትዬ። ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ብከፍት ለእኔም ብድግ አሉልኝ።

ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ቢመጡ መልካም ነው። ሕፃኑን ይሳሙልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ ባጫ