አዲሱን ሲስተም መጀመሪያ ንዋይ ይጫነው

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለዲንቄ፣

አከም ጅርታ እህቴ? ነጋ ጠባ ከሐሳቤ የማትጠፊው ዲንቄዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? የማዳም ቤት ደረጃ አሁንም ጉልበትሽን ያምሻል? ሙቀቱስ በረደላችሁ? አብረውሽ ያሉት የአገራችን ልጆች ሁሉ ደኅና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። እማዬ ስኳሯ ወርዶላታል፤ ቁጣዋ ግን እንዳለ ነው። ወንድማችን ጉቱም ሞጆ ደረቅ ወደብ ከኮንቴይነር ጋር ሲታገል እየዋለ ማታ ማታ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ተሸክሞ ይገባል። የአዳማን ነፋስ ታውቂው የለ፣ እሱም እንደ ድሮው ነው።

ይህን ነገር በስልክ ያልነገርኩሽ የስልክ ነገር ስላልሆነ ነው። አርብ አርብ ስልክሽን ሲሰጡሽ የምናወራት ትንሽ ጊዜ ደኅና ነሽ፣ ደኅና ነኝ ሳንባባል ታልቃለች። ይኼ ደግሞ በጥድፊያ የሚነገር ሳይሆን ቁጭ ብለሽ፣ እየደጋገምሽ እያነበብሽ የምትስቂበት ነው። ጫልቱ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ኩዌት ስለምትመለስ በእጇ ልኬልሻለሁ።

ባለፈው የማዳም ልጆች አዲሱ የኮምፒውተር ሲስተም ገና እንደወጣ መጫናቸውን አይተሽ፣ አንቺስ ጫንሽ ወይ፣ ወደ ኋላ እንዳትቀሪ ቶሎ ጫኚ ብለሽኝ ነበር። አልጫንኩም። ለምን እንዳልጫንኩ፣ ማን እንደጫነና ምን እንዳገኘው ልንገርሽ። እሰይ! ገና ሳልጀምረው ደስ አለኝ።

መጀመሪያ ግን የዛሬ ሁለት ዓመቱን ላውራሽ፤ አንቺ ለእግዜር ተዪው እያልሽ እስከ መጨረሻው ሰምተሽኝ አታውቂም። የጥልፍ መኪናውን ከነኮምፒውተሩ ገዝተሽ ስትልኪልን የገጠመልን ንዋይ ነበር፤ ያ ባለ ኮምፒውተር ጥገናው። ኢሬቻ ሲቃረብ፣ የሰፈር ልጃገረዶች አንድ ዓይነት ለመልበስ ተሰባስበው ቀሚስ ያዘዙበት ሰሞን መጣና፣ ያንቺ ሲስተም አርጅቷል፣ ሊዘጋ ነው፣ ቫይረስ ይበላሻል፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ ወደ አዲሱ እንቀይረው አለኝ። ኧረ በዓሉ ይለፍ፣ የሰው ልብስ እጄ ላይ ነው ብዬ ለመንኩት። ባለሙያው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ አለኝ። እኔ ሞኟ እሺ አልኩ፤ ጫነው። በነጋታው የጥልፉ ፕሮግራም አልከፈት አለ፤ መኪናውም አልነቃነቅ ብሎ ቆመ። ላስተካክልልሽ ብሎ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ሄደ፤ ነገ ከነገ ወዲያ እያለም በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ አስቀመጠብኝ።

ለካስ ያን ጊዜ እሱና ሚስቱ ማርቲ ከፊት ለፊታችን ያለውን ሱቅ ተከራይተው የጥልፍ ቤት እየከፈቱ ኖሯል። እኔ ሥራ ፈትቼ በራፌ ላይ ቆሜ የራሴ ደንበኞች ከነሱ ቤት ቀሚስ ይዘው ሲወጡ አያለሁ። ቀሚሱ ላይ የተጠለፈው የኦዳ ዛፍ ያንቺ ነው። አንቺ ከመሄድሽ በፊት ከእማዬ መደብ ላይ በሆድሽ ተኝተሽ በእርሳስ የሣልሽው፣ ቅርንጫፉ ወደ ትከሻ የሚወጣው። ንድፎቻችንን አንድ ሳያስቀር ከኮምፒውተሩ ገልብጦ ወስዷቸዋል። ሄጄ ብጠይቀው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ኦዳ የሁሉም ነው አለኝ። ኦዳ የሁሉም ነው፣ እውነቱን ነው። ያ ኦዳ ግን የእህቴ ነው።

የዚያ ሰሞን ሥራ ቢሳካ ኖሮ አንቺ አገርሽ ነበርሽ። ሻንጣሽን ገዝተሽ፣ ለእማዬ ነጠላ ጫማ አስገብተሽ ነበር። የሱቁ ኪራይ ሲጠራቀም፣ የእማዬ መድኃኒት ሲቋረጥ፣ ቁጭ ብለሽ ለሌላ ሁለት ዓመት ፈረምሽ። ስለዚህ፣ ሰው «ንዋይ ንድፍ ሰረቀሽ አይደል» ሲለኝ አልስማማም። ንዋይ የሰረቀው የእህቴን ሁለት ዓመት ነው። አንቺ ብትረሺውም እኔ አልረሳሁትም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ጉቱ ያኔ ሊደበድበው ተነሥቶ ነበር። ተው አልኩት፤ ዱላ በሳምንት ይድናል፣ ከዚያ እሱ ተበዳይ እኛ በዳይ ሆነን ፖሊስ ጣቢያ እንመላለሳለን። ተወኝ፣ እኔ ቀን አለኝ አልኩት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሱቄን ስከፍት እንደምን አደርክ ንዋይ እለዋለሁ፤ እሱም ምንም እንዳላደረገ ሰው እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ጥርሴን ነክሼ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም አልኩት።

ንዋይ ከበዓሉ በኋላ የመለሰውን ኮምፒውተር ያዳነችልኝ የጎረቤታችን ልጅ ቢሊሴ ናት፤ ዛሬ ፖስታ ቤቱ አጠገብ የስልክና የኮምፒውተር ጥገና ከፍታለች። አንቺ ከመኪናው ጋር በላክሽው ዋናው ፕሮግራም ወደ አሮጌው ሲስተም መለሰችልኝና ከኢንተርኔት ቆረጠችው። ይኼ ኮምፒውተር ጥልፍ እንጂ ሌላ ሥራ የለውም፣ አዲስ ነገር ሲወጣ ሌላው ሰው ሞክሮት አንድ ሁለት በዓል ሳያልፍ እንዳትነኪው አለችኝ። ንዋይ ግን የሚሠራበት ፕሮግራም የተገዛ ሳይሆን ጓደኛው ቁልፉን ሰብሮ ክራክ ያደረገለት እንደሆነም የነገረችኝ እሷው ናት። ይህችን ነገር ሰምቼ በሆዴ አስቀመጥኳት።

ባለፈው ነሐሴ ላይ ያ አዲሱ ሲስተም ወጣ ተባለ። የኛ መንገድ ጥልፍ ቤቶች ሁሉ ወሬያቸው እሱ ብቻ ሆነ፤ እንጫን ወይስ እንቆይ? ቢሊሴ በራሷ ላፕቶፕ ሞክራው መጥታ፣ የተገዛውን ፕሮግራም ያንቀራፍፈዋል፣ ክራክ የሆነውን ግን አንቅሮ ይተፋዋል አለችኝ። የጠየቀኝን ሁሉ ከበዓል በኋላ ይሁን አልኩት፤ ሁሉም እኔ ላይ የደረሰውን ያውቃሉና እሺ ብለው ቆዩ። ንዋይ ግን ማንንም አይጠይቅም። አንድ ነገር ሲወጣ ቀድሞ ካልያዘው እንቅልፍ አይወስደውም። ገና ሳይጭነው «በአዲሱ ሲስተም እንሠራለን» የሚል ባነር አሠርቶ ሱቁ ላይ ሰቀለ።

በዚያው ሰሞን ማርቲ ክር ልትበደረኝ መጥታ፣ ገላኔ ይኼ ነገር ጥሩ ነው እንዴ፣ አንቺ ምን ሰምተሻል ብላ ጠየቀችኝ። እጄ ላይ ያለውን ጨርቅ አላስቀመጥኩም። ባልሽ ባለሙያ ነው፣ እሱን ጠይቂው አልኳት። ውሸት የለበትም ዲንቄ፤ ቂም ግን አለበት፣ ካንቺ አልደብቅም። እሷም ክሩን ይዛ ሄደች።

ጫነው! ያውም ፎርማት አድርጎ፣ የድሮውን ሙልጭ አድርጎ አጥፍቶ። በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ ለአላፊ አግዳሚው ፍጥነቱን ሲያወራ ዋለ። በማግሥቱ ጠዋት የኔ መኪና ድምፅ ብቻ በመንገዱ ይሰማል፤ ከማዶ ጭጭ። ወጣ አለ፣ ገባ አለ፣ ስልክ ያዘ። ፕሮግራሙን ክራክ ያደረገለት ጓደኛው አገር ጥሎ ከሄደ ቆይቷል፤ ቁጥሩም አይሠራም። አዲስ አበባ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ንድፎቹም፣ ማለቴ ንድፎችሽ፣ አብረው ጠፍተዋል። ቀብድ የከፈሉት ልጃገረዶች ተሰብስበው መጥተው በራፉ ላይ ሲጮኹ፣ አንዷማ ፖሊስ አመጣለሁ ስትለው፣ እኔ መርፌ እየቀየርኩ አያለሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ብድር በምድር ሲሉ እሰማ ነበር፤ በሱቄ መስኮት ትይዩ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ከዚያ በኋላማ ጉድ ፈላ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ቀን እንድታውሰን ብሎ ማርቲን ላከ። ኮምፒውተሬ መንገድ አይሻገርም አልኳት፤ አንዴ ተሻግሮ ያየሁትን አይቻለሁ። ሲጨንቀው እሑድ ዕለት ሽማግሌ ላከ። የአባባ ጓደኛ ጋሽ ደገፋ ናቸው የመጡት፤ ከሱ ወገን ደግሞ እትዬ በላይነሽ፣ እዚያ ወፍጮ ቤቱ ጋ ያሉት። እማዬ ወንበር አቀረበችላቸው፤ እኔም ቆምኩ። ልጁ አጥፍቷል፣ አምኗል፣ የሰው ልጆች ልብስ ሳይለብሱ በዓሉ እንዳያልፍ አንቺ ይቅር በዪ አሉኝ። ሽማግሌ እንዴት ይመለሳል? ይቅርታውን ሰጥቻለሁ፣ ግን ካሳ አለኝ አልኩ። ጋሽ ደገፋ ካሳው ምንድን ነው አሉ። የእህቴን ሁለት ዓመት ይመልስልኝ አልኳቸው።

እትዬ በላይነሽ፣ ልጄ፣ ዓመት ይመለሳል እንዴ አሉኝ። አይመለስም፣ አውቃለሁ አልኳቸው። እንግዲያው የሱ የጥልፍ መኪና ወደኔ ይምጣ፣ ከኔ ኮምፒውተር ጋር ይገጠም፣ የልጃገረዶቹን ቀሚስ እኔ በእህቴ ንድፍ እሠራለሁ፤ ከዚያም መኪናው ሁለት ዓመት እኛ ቤት ይሠራል፣ ሲሞላ ይወስደዋል። ተሸክሞ የሚያመጣውም ራሱ ይሁን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ አልኳቸው። ጋሽ ደገፋ ጢማቸውን እያሻሹ፣ የኋለኛው በቀል ነው፣ የፊተኛው ፍርድ ነው አሉ። ሁለቱንም እፈልጋለሁ አልኳቸው። እማዬ ደንግጣ በክርኗ ጎሰመችኝ፤ እኔ ግን ቃሌን አላጠፍኩም።

አመጣው እኮ! ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ጋር ይዞት፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ፣ መንገዱን ተሻገረ። የጥልፍ ቤቶቹ ሴቶች ሁሉ በየበራፋቸው ወጥተዋል፤ አንድም ሰው አልሳቀም፣ ያ ነው ይበልጥ ያቃጠለው። ደፉን ሲያልፍ ተሰናክሎ ጉልበቱ ተመታ። አይዞህ እንኳን አላልኩትም። የት ላስቀምጠው ሲለኝ መስኮቱ ጋ አልኩት፤ ከሱቁ ሆኖ በደንብ እንዲታየው።

ማርቲ አሳዘነችኝ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። አብራን እየሠራች ነው፤ እጇ ቀልጣፋ ነው፣ የሠራችበትንም እከፍላታለሁ። ንዋይን «እኔ ገላኔን እንጠይቃት ብዬው ነበር፣ እሷ ኮምፒውተር ከማብራት በቀር ምን ታውቃለች አለኝ» ብላ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ያዘንኩለት ትንሽ ነገር ቢኖር እንኳ ጠፋ። በሁለቱ መኪና ቀን ተሌት ሠርተን የሁሉንም ልብስ አደረስን፤ ቢሾፍቱ ላይ ያ ያንቺ ኦዳ በስንቱ ትከሻ ላይ እንደወጣ ብታዪ! ኪራዩ ተከፍሏል፤ የእማዬ መድኃኒትም ተገዝቷል። ለጥር ሠርግ ካሁኑ የያዝነው ሥራ ለሁለት መኪና እንኳ ይበዛል።

አሁን ይህን ስታነቢ ገላኔ ልብሽ ደነደነ እንደምትዪ አውቃለሁ። አዎ፣ ደንድኗል። አንቺ የሰው ደረጃ ስትወለውዪ እሱ ባንቺ ሥዕል ሲከብር ያየሁት እኔ ነኝ። ንዋይ አሁንም ጠዋት ጠዋት ሱቁን ይከፍታል፤ ስልክ ቻርጀር ይሸጣል። እኔም እንደምን አደርክ ንዋይ እለዋለሁ፤ አሁን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚመልስልኝ። ከዚህ በኋላ አዲስ ሲስተም በወጣ ቁጥር መጀመሪያ እሱ ይጫነው፤ እኔ ከመንገድ ማዶ አያለሁ።

አንቺን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ውልሽ ኅዳር ላይ ያልቃል። ማዳም እንደ ባለፈው ሻይ አቅርባ፣ ልጆቹ ይወዱሻል ብላ፣ ወረቀቱን ከፊትሽ ስታኖር አትፈርሚ። የቤቱ ነገር እንዴት ይሆናል ብለሽ አታስቢ፤ ሆኗል። የንዋይ መኪና የኔ አይደለም፣ ያንቺ ሁለት ዓመት ነው፤ መጥተሽ ቁጭ ብለሽ ሥሪበት። እሱም ማዶ ሆኖ ይይሽ። ያን ጊዜ ነው ቂሜ የሚወጣልኝ።

ጉቱ እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሻል፤ ኤርፖርት ስለሚቀበልሽ መኪና ካሁኑ ከሞጆ ሾፌሮች ጋር ተነጋግሬያለሁ በዪልኝ ብሏል። ቢሊሴ ሰላም ብላሻለች፤ ጋሽ ደገፋም እንደዚሁ። ማርቲ ሳይቀር ሰላም በዪልኝ አለች፤ ብትፈልጊ ተቀበዪ፣ ባትፈልጊ ተዪው። እማዬን ምን ልበልልሽ ብላት ግን ተቆጣች። እኔ ሰላምታ አልልክም፣ ራሷ መጥታ ትውሰድ ብላለች።

ታናሽ እህትሽ ገላኔ
አዳማ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.